ሦስቴ የተጫንኩት ቁልፍ

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብና መጻፍ እችላለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው እንጂ። ይህንን ስጽፍም የፊደሌን ስህተት ልጄ ታርምልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳታሳምርልኝ ለምኛታለሁ። የሚያምር ነገር የለውም።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ፈሪ ነበርኩ። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ የምገፋ፣ ሲሊንደር መዝጋቴን ተጠራጥሬ ስታዲየም ላይ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ወደ ቤት የምመለስ ሴት ነበርኩ። ባሌ ልጃችንን በሁለት ዓመቷ ጥሎብኝ ከሄደ ጀምሮ እንዲህ ሆኛለሁ፤ አንድ ነገር ከእጄ ካመለጠ የሚያነሳልኝ የለም ብዬ ስለማስብ ነው። ይህ ጠባዬ አንድ ሹመት አስገኝቶልኛል። የሰፈራችን እድር የእቃ ቤት ኃላፊ አደረገኝ። ለለቅሶ ቤት ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ ድስቱን የማስረክበውም የምረከበውም እኔ ነበርኩ። አንዴ ቆጥሬ አላምንም፤ ደግሜ፣ ሠልሼ እቆጥራለሁ። ሴቶቹ «ጽጌ ጋ ብርጭቆ ይሰበራል እንጂ አይጠፋም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ሲፈርስ ሰዉ ተበተነ። ገላን የሄደ አለ፣ አራብሳ የሄደ አለ። እኔና ልጄ ቤዛ ቂርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይተን ቀረን። እድሩ ግን አልፈረሰም። «ቤታችን ቢለያይም ቀብራችን አይለያይ» ተባባልን። ድንኳኑና እቃው ከእኔ ቤት ሁለት ግቢ አልፎ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ገባ።

የእድራችን ደንብ ጥብቅ ነው። ቀብር ላይ ስም ይጠራል። ሦስት ቀብር ያለ ምክንያት የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቤት ሞት ቢገባ ጥሩንባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ሣጥን የሚሸከም ትከሻም አይመጣም። ሰው ከተበተነ በኋላ ታዲያ በዚህ ስም ጥሪ ጭቅጭቅ በዛ። ጸሐፊው አቶ ግርማ በመዝገቡ ላይ ለሚወዳቸው «ነበሩ»፣ ለሚጠላቸው «ቀሩ» እያለ ይጽፋል ተባለ። እውነት ይሁን ሐሜት አላውቅም። ዳኛችን ጋሽ ሞላ ግን ተበሳጩ።

ቤዛ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ትማር ነበርና ልትመረቅ ስለሆነ የመጨረሻ ሥራ ታዘዘች። ሰዎች በእውነት የሚገለገሉበት ፕሮግራም ሠርታ፣ ተገልጋዩ «በትክክል እየሠራ ነው» የሚል ማህተም ያለበት ደብዳቤ እንዲሰጣት ያስፈልጋል። እሷም የእድሩን ስም ጥሪ ሠራችው። አንድ አባል የሰጡት አሮጌ ኮምፒዩተር እቃ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። የኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ በግራ የአባላት ስም ተደርድሯል፤ በቀኝ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አረንጓዴው «ተገኝተዋል»፣ ቀዩ «ቀርተዋል»። ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ስም ራሱ ከዝርዝሩ ወጥቶ የተሰረዙት ጋ ይገባል።

ስትሠራው ከጎኗ ቁጭ ብዬ አይ ነበር።

«እማ፣ በተን፣ ይሄ ቁልፍ ማለት፣ የግቢ ደወል በዪው» አለችኝ። «ደወሉ ራሱ ምንም አያውቅም። ውስጥ ላለው ሰው 'ይሄ ሲደወል ወጥተህ በር ክፈት' ብለሽ አስቀድመሽ ካልነገርሽው፣ ቢደወል ቢደወል ማንም አይወጣም። የኔ ሥራ ውስጥ ላለው መንገር ነው። አረንጓዴው ሲነካ ይሄን አድርግ፣ ቀዩ ሲነካ ያን አድርግ።»

«ሰው ተሳስቶ ቢነካስ?»

«ኧረ እማ! ገና ሳይነካ ተጨነቅሽ?» ብላ ሳቀች።

ጋሽ ሞላ ስብሰባ ላይ ኮምፒዩተሩን እያሳዩ «ከእንግዲህ አድልዎ የለም። ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም!» አሉ። ተጨበጨበ። የማን እናት እንደሆንኩ ስለሚያውቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ ቆሜ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በአንዱ እሁድ ነው ነገሩ የሆነው። ቅዳሜ ቀብር ነበር፣ ስም በወረቀት ተጠርቷል። ቤዛ ፈተና ስለነበረባት አልመጣችም። አቶ ግርማ ኮምፒዩተሩን አይወደውም፤ ወረቀቱን ሰጠኝና «አንቺ ታውቂበት የለ? አስገቢልኝ» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ። አንድ በአንድ አስገባሁ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። እትዬ ዘነቡ ጋ ስደርስ ወረቀቱ ላይ «ቀሩ» ይላል።

እትዬ ዘነቡ ካዛንቺስ ሳለን አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። እኔ ሥራ ስውል ቤዛን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉልኝ እሳቸው ናቸው። ባላቸው ጋሽ በየነ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ገላን ከገቡ በኋላ እሳቸውን ጥሎ መውጣት ከብዷቸዋል። ያም ሆኖ ከዚያ ቅዳሜ በፊት አንድ ቀብር ቀርተው አያውቁም።

ስማቸውን መርጬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም አልሆነም። መስኮቱ ድርቅ አለ። ጠበቅሁ። አልሰማኝ ይሆናል ብዬ ደግሜ ተጫንኩ። አሁንም ዝም። ሁለቴ አድርጌ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ለማረጋገጥ ሦስተኛ ተጫንኩ።

ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ተንቀሳቀሰ። የእትዬ ዘነቡ ስም ከዝርዝሩ ላይ የለም።

 የሌሎቹ ቀሪዎች ስም አልጠፋም። የሳቸው ብቻ ለምን? አቶ ግርማ በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ልጠይቀው አሰብኩ፤ ግን «ታውቂበት የለ» ያለኝ እኮ ሰውዬው ነው። የተመዘገበ ስም እንዲህ ይሆን ይሆናል አልኩ።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨርሻለሁ» አልኩት።

ማታ ቤዛ ደክሟት ስትገባ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። መጽሐፏን ይዛ ተኛች። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋታውም እንደዚያው አልኩ። ከዚያ ተውኩት።

ከወር በላይ አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሞላ የቤዛን ደብዳቤ ሊፈርሙ እቃ ቤት መጡ። ቤዛ ኮሌጅ ስለሆነች ደብዳቤውን የምቀበልላት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ወስዳ ካላስገባች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ሌሊቱን በሙሉ አልተኛሁም፤ ማህተሙ ቢጠፋስ፣ ጋሽ ሞላ ቢያማቸውስ እያልኩ። ሁሉም ደህና ሆኖ ሰውዬው ማህተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ተመስገን አልኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር።

ልክ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። የእትዬ ዘነቡ ወንድም ለማ ነው። ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ አደግድጓል።

«ጋሽ ሞላ፣ በየነ አረፈ» አለ።

«ውይ! ነፍስ ይማር። መቼ?»

«ሊነጋጋ ሲል። ሬሳውን ከገላን አምጥተነዋል፣ እኔ ቤት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት። ጥሩንባው ይነፋልን፣ ድንኳኑን ደግሞ…»

«እንዴታ፣ እንዴታ! ግርማ፣ ስሟን አውጣ።»

አቶ ግርማ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ስሙ እንደማይኖር አውቄያለሁ፤ እጄ ግን ይፈልጋል። እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

«ምነው የቤዛ እናት፣ ስም መፈለግ ጠፋሽ እንዴ?» አለ አቶ ግርማ።

ሌላኛውን ዝርዝር ከፈትኩ።

«እዚህኛው ላይ ናቸው» አልኩ።

«የትኛው?»

«የተሰረዙት ላይ።»

 ጋሽ ሞላ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ስንት ቀብር ይላል?»

«ሦስት።» ፍርዱን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ።

«ሦስት?» አለ ለማ። «ጋሽ ሞላ፣ እህቴ አንድ ቀብር ነው የቀረችው። አንድ! እሱንም ባሏን እያገላበጠች እያጠበች። እርስዎ ራስዎ ያውቋታል፣ የማን ቀብር ላይ ጠፍታ ታውቃለች?»

«እኔማ አውቃለሁ። ግን ባለፈው የኔን የአክስት ልጅ ሲሰርዘው ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም።»

«የተሰረዙት ሰዎች ማስታወቂያም በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር» አለ አቶ ግርማ።

«ገላን ያለች ሴት ቂርቆስ በር ላይ የተለጠፈ ታነባለች?»

«ደንቡ ለጥፍ ነው የሚለው። ለጥፌያለሁ።»

እኔ በዚያ በር ሳህን ይዤ ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ። ወረቀቱን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ለማ ዞሮ አየኝ። ምስክር የሚፈልግ ሰው ዓይን ነበረው። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «እኔ ነኝ፣ ደጋግሜ ተጭኜው ነው» ማለት። ምላሴ ሥር ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ ግን የልጄ ደብዳቤ ተዘርግቷል፣ ማህተሙም ከጎኑ። ዓይኔን ከኮምፒዩተሩ መስኮት አላነሳሁም።

«እኔ እኮ ስለ ሬሳ ነው የመጣሁት፣ ጋሽ ሞላ» አለ ለማ በቀጭን ድምፅ።

«ነፍስ ይማር ብለናል» አሉት ጋሽ ሞላ።

ለማ ወጣ። የእግሩ ኮቴ ሳይጠፋ ጋሽ ሞላ እስክሪብቶ አነሱና ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡት። «ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ስህተት በማገልገል ላይ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ፈረሙ። ማህተሙን እፍ፣ እፍ ብለው መቱት። «ልጅሽ ኩራታችን ናት» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ከዚያ የት ሄድኩ መሰላችሁ? ለቅሶ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለማ ቤት ሄድኩ። ድንኳን የለም። ጠባቧ መንገድ ላይ ከጎረቤት የተለመኑ የተለያየ ቀለም ያላቸው ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ባዶ ናቸው። ጥሩንባ ስላልተነፋ የሰማ ሰው የለም። አንድ ባጃጅ ለማለፍ ጥሩንባውን ሲነፋ ለቀስተኛው ወንበሩን እያነሳ ተነሳለት፤ ካለፈ በኋላ መልሶ ተቀመጠ።

እትዬ ዘነቡ መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ናቸው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከልቤ ነበር ያለቀስኩት፤ ማልቀስ ምንም አያስከፍልማ። እጄን ያዙኝ።

«ጽጌ፣ ተሰርዘሻል አሉኝ» አሉ።

«ሰማሁ፣ እትዬ።»

«አንድ ቀን እኮ ነው የቀረሁት። አንቺ እዚያ ማሽን ላይ ትቀመጪ የለ? አንድ ቀን ነው ብለሽ ንገሪያቸው። እኔን አያምኑኝም፣ አንቺን ያምኑሻል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ… የቤዛ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው የሚያደርገው።»

እንዲህ ነው ያልኩት። የልጄን ስም ራሴ አነሳሁ። እሷን ላድን ዝም ያልኩት ሴትዮ፣ ተጠየቅሁ ብዬ ልጄን ከፊቴ አቆምኳት።

እትዬ ዘነቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ልክ ነሽ። አንቺ ምን ታደርጊ» አሉና እጄን መታ መታ አደረጉኝ። እኔን ሊያጽናኑ!

እቃ ቤት ተመልሼ ሳለሁ ሰባት ሰዓት ላይ ቤዛ ደብዳቤውን ልትወስድ መጣች። ገና ስታየኝ ፊቴ ልክ አለመሆኑን አወቀች።

«ማን ሞተ?»

«ጋሽ በየነ።»

«ወይኔ! ድንኳኑስ ወጣ? እኔ ላግዛቸው…»

«አይወጣም። እትዬ ዘነቡ ተሰርዘዋል።»

«ምን ማለት ነው ተሰርዘዋል?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ፕሮግራሟ ቁልፍ የተነካበትን ቀንና ሰዓት ሁሉ ይጽፋል ለካ፤ እኔ አላውቅም ነበር። ጣቷን መስኮቱ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«ሦስቱም አንድ ቀን ነው» አለች በዝግታ። «ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ። ሦስት ቀብር በአንድ ደቂቃ?»

የጠረጴዛውን አቧራ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

«የኔ ጥፋት ነው፣ እማ። አንዴ ከተነካ በኋላ በተኑን ማደብዘዝ ነበረብኝ። ሥራውን እስኪጨርስ ድጋሚ እንዳይነካ። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው! በቃ፣ አንድ መስመር ረሳሁ።»

«ዝም ብሎ ነበር እኮ። ምንም አልመለሰልኝም» አልኩ ሳላስበው።

ዞር አለች።

«ዝም ያለው ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። በዚያ ሰዓት የተነካውን ሁሉ ወረፋ ያስይዘዋል። ሲለቅ አንድ በአንድ ይፈጽመዋል።» ቆም አለች። «አንቺ ነሽ የተጫንሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለእድሩ ሊነግሩ ሲመጡ እዚህ ነበርሽ?»

ጫማዬን አየሁ።

«እማ፣ ያኔ ታውቂ ነበር?»

«ደብዳቤሽ ገና አልተፈረመም ነበር» አልኳት።

ልጄ ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አልጮኸችም። ቦርሳዋን አነሳችና «ተነሺ፣ ጋሽ ሞላ ቤት እንሂድ» አለችኝ።

ጋሽ ሞላ ምሳ ላይ ነበሩ። ቤዛ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። የኔን ስም አላነሳችም፤ «ፕሮግራሙ ላይ የኔ ጉድለት ነበረ» ብቻ አለች። እሳቸው ጉርሻቸውን ሳያቋርጡ ሰሟት።

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ ስንት ሰው ተሰርዟል?»

«ዘጠኝ።»

«ዛሬ አንዷን በስህተት ነው ካልኩ፣ ነገ ስምንቱ በሬ ላይ ናቸው።»

«የነሱን አይቻለሁ ጋሼ፣ የነሱ ትክክል ነው። የሳቸው ብቻ ነው።»

«ይህን አንቺ ታውቂያለሽ። እነሱ በምን ያውቃሉ? ስንት ዓመት የተጨቃጨቅንበትን ነገር ገና አሁን ጸጥ አሰኘሁት። ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል፤ የወሩ መጨረሻ እሁድ።»

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ!»

«ሰዓት አለኝ» አሉና እጃቸውን ታጠቡ።

እኔም ያን ጊዜ ተናገርኩ። «ጋሽ ሞላ፣ ልጄ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ሦስቴ የተጫንኩት እኔ ነኝ።» ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። እሳቸው ግን አልገረማቸውም። ፎጣቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ።

«ጽጌ፣ እኔ ያ ደብዳቤ ላይ 'ያለ አንዳች ስህተት' ብዬ ፈርሜያለሁ። ስህተት አለ ካላችሁ መልሱልኝ። የለም ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን አንድ ላይ አትይዙም።»

«ብንመልስልዎት ድንኳኑን ይሰጣሉ?» አለች ቤዛ።

«ጉባኤው ይወስናል አልኩ እኮ።»

ደብዳቤው ቢመለስም ለሟች ምንም አይገኝም ማለት ነው። የልጄን ክንድ ያዝኩ። «ነይ እንሂድ። ለነሱም አይሆንም፣ ላንቺም አይሆንም፣ ምን ያደርጋል?» አልኳት። እውነቴን ነው። ሒሳቡ ትክክል ነበር።

«ደብዳቤውን ስጪኝ» አለች።

ጉያዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እማ።»

አልሰጠኋትም። እሷው እጇን ሰድዳ ከጉያዬ አወጣችው፤ ትንሽ ልጅ ሆና ጡት ትፈልግ እንደነበረው። ከጋሽ ሞላ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችውና ወጣች።

ስልኳን ይዛ የምታውቀውን አባል ሁሉ ደወለች። የሥራ ቀን ነው፣ ሰዓቱም አልቋል። አንዳንዱ «እድሩ ካልጠራ ምን ብዬ ከሥራ እወጣለሁ?» አላት። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ጋሽ ሞላም መጡ! ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከኋላ ቆሙ። አንዱ ሲያፈጥባቸው «እንደ ዳኛ አይደለም፣ እንደ ሰው ነው የመጣሁት» ብለው መለሱለት።

እድር ሲቀብር ሣጥን መንገድ ላይ አይቆምም፤ ትከሻ ከትከሻ ይቀባበለዋል። ያን ቀን ለመሸከም የሚችሉ አምስት ወንዶች ነበሩ፣ እነሱም ዕድሜያቸው ገፍቷል። ለማ ሜክሲኮ አካባቢ እቃ የሚያወርዱ ሁለት ወጣቶች ለምኖ አመጣ። ዳገቷ ላይ ሲደርሱ አቃታቸው። ሣጥኑን አስፋልቱ ዳር መሬት ላይ አኖሩት። ሚኒባሶች ያልፋሉ። አንዱ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እናንተ፣ መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ፤ ምን እንደሆነ ሲያይ አፉን ያዘ። እትዬ ዘነቡ ጎንበስ ብለው ሣጥኑን ዳሰሱት።

«አይዞህ በዩ፣ ትንሽ ናት የቀረችህ» አሉት።

ከቀብር ስንመለስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቅኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንድነሳም አልጠየቁኝም፤ ቆመው አዳመጡኝ።

«ጠዋት ለማ ሲመጣ እዚያ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ተሰርዛለች ብለሽ ያነበብሽውም አንቺ?»

«እኔ።»

«ከዚያ መጥተሽ እጄን ይዘሽ አለቀስሽ።»

«አዎ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ያን ስትጫኚ እኔን አላየሽኝም። ይሄስ ይቅር። ፍራሹ ላይ ግን ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነው» አሉኝ። ለማ ደግፏቸው ሄዱ።

ጉባኤው በወሩ መጨረሻ ተሰበሰበ። ጋሽ ሞላ «የልጅቷ ፕሮግራም ችግር ተገኝቶበታል፣ ወደ መዝገብ ተመልሰናል» አሉ። ተነስቼ የተጫንኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ፤ ቁጭ በይ ተባልኩ። እትዬ ዘነቡ በሙሉ ድምፅ ተመለሱ። ደብዳቤ ተጽፎላቸው ገላን ድረስ ተላከ። ለማ እንደነገረኝ ሳይከፍቱት እዚያው ሰፈር ያለ እድር ገብተዋል። እኔም የእቃ ቤቱን ቁልፍ አስረከብኩ። ቤዛ በዓመቱ በሌላ ሥራ ተመረቀች። ፎቶዋ ግድግዳችን ላይ አለ፤ አብረዋት ከጀመሩት ልጆች አንድም ፎቶው ላይ የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናቶች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔ ተጠንቃቂ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። በር ሁለቴ መግፋት፣ ብርጭቆ ሦስቴ መቁጠር ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ፍርሃት ነው ለካ። ፍርሃት ማሽን ፊት እጄን ሦስቴ አስነሳው፤ ሰው ፊት ደግሞ አንዴ እንኳ አላስነሳኝም። ማሽን ዝም ሲላችሁ ታገሡት። ሰው ግን ሬሳ አስቀምጦ ሲጠይቃችሁ አትታገሡ፤ ያወቃችሁትን በዚያችው ደቂቃ ተናገሩ። ልጄን ላድን ነው ብላችሁም ራሳችሁን አታታልሉ። ልጄ አልዳነችም። አሁን አንድ ነገር ስነግራት ትንሽ ቆም ትልና «እውነት ነው ወይስ ፈርተሽ ነው?» ትለኛለች። በቁጣ አይደለም፤ ልታውቅ ፈልጋ ነው። እኔም አስቤ ነው የምመልስላት።

የአርባውን ዕለት ነግሬ ላብቃ። አልተጠራሁም፤ ገላን ድረስ ሄድኩ። አዲሱ እድር ድንኳን ተክሏል፣ ሰው ሞልቷል። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም ሳያየኝ ነፍስ ይማር ብዬ ልመለስ። እትዬ ዘነቡ አዩኝ። ራሳቸው ሳህን ይዘው መጡ፣ ከሁሉ እንግዳ አስበልጠው ቆልለው ጭልፋ ሙሉ ወጥ ጨመሩበት። አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ብዪ፣ ጽጌ» አሉኝ። «እዚህ ስም አይጠራም። መምጣትሽን የሚጽፍልሽ ሰው የለም።»

በላሁ። ሁሉንም ጨርሼ በላሁት።